ከጣቴ እስከ ልቤ

ጣቶቼ ማበጥ የጀመሩት ልጄን ወልጄ ከአራስ ቤት በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የቀኝ እጄ መሃል ጣት፣ ቀጥሎ ጠቋሚው፣ ከዚያ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቼ። ጠዋት ስነሳ ግትር ብለው አይታጠፉም። የልጄን ቀሚስ ቁልፍ በጥርሴ ይዤ የቆለፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ትንሽ ላላ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሥራዬ ጸጉር መሥራት ነው። ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሹሩባ እጎነጉናለሁ። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ በእግራቸው የመጡ ሴቶች የሚሸጡትን ሸጠው፣ የሚገዙትን ገዝተው፣ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላሉ። ቅቤውን እነሱ ይዘው ይመጣሉ፤ ጣቱን እኔ አመጣለሁ። ቀጭን ሹሩባ ዓይን ብዙ አይረዳውም፣ የሚያየው ጣት ነው። ስለዚህ ጣቶቼ ሲያብጡ የታመመው እጄ ብቻ አልነበረም፤ እንጀራዬም ጭምር ነው።

እናቴ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀባትም።

"ብርድ ነው" አለች። "ልጅሽ ክርስትና ሳትነሣ በር ላይ ቆመሽ ከጎረቤት ጋር ስትስቂ በዓይኔ አይቼሻለሁ። ያን ጊዜ ነው የገባብሽ።"

እናቴ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው። አማርኛን የለመደችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ፣ ገበያ ላይ ነው። ስታዝን፣ ስትጸልይ፣ ፍየል ስትጠራ አገውኛ ትናገራለች። እኔን ስትወቅስ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማላት ይመስል በአማርኛ ነበር። የመጣ እንግዳ ሁሉ ጣቴን አይቶ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ትመልስለታለች። "በአራስነቷ ብርድ ገብቷት ነው። ሴት ልጅ አትሰማ!"

ሌላው ደግሞ የየራሱን ያመጣል። አንዱ ሪህ ነው ይላል፤ አንዷ ምች ነው ትላለች። አንዲት ደንበኛዬ ጸጉሯን እየሠራሁላት፣ ማለት በነዚያው ባበጡ ጣቶች እየሠራሁላት፣ የሰው ዓይን ነው ብላ ስለ ቀናተኞች አስተማረችኝ። ጠበል ተጠመቅሁ። ለነፍሴ ደግ ነበር፤ ስመለስ የቀዘቀዘ ልብሴን መጭመቅ ግን አቃተኝ። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ፣ ባሕር ዛፍ ታጠንኩ፣ ሰናፍጭ ተለቀለቅሁ። ባለቤቴ ልጃችን ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ ሳዑዲ ነው የሚሠራው። ከዚያ ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ይልክልኛል። ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ሐኪም ይሁን ነጋዴ ያልታወቀ ሰው ዝንጅብልና ሎሚ እየጨመቀ "ቁርጥማትን ደህና ሰንብት በሉት" ይላል። ባለቤቴ ከሥሩ በድምፁ ይጨምርበታል፤ "አየሽው? ቀላል እኮ ነው።"

ቀላል እኮ ነው! ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነበር።

በመጨረሻ በእግሬ ያቆመኝ የመድኃኒት ቤቱ ማስታገሻ ነው። መጀመሪያ ኪኒን፣ በኋላ መርፌ። የሰርግ ወር ሲሆን መርፌዋን ተወግቼ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ እሠራ ነበር። መርፌዋ ስትገባ ሕመሙ ብን ብሎ ይጠፋል፤ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። ሲመለስ ግን እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። "ያስታግሳል" ነበር የተባልኩት፣ እውነትም አስታገሰ። ከማስታገስ ሌላ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ጦርነቱ ሲመጣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መድኃኒት ቤቶቹም ባዷቸውን ቀሩ። እንደ ሰው ሁሉ ፈርቻለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ ተርቤያለሁ፤ ያንን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ያለ ማስታገሻ የከረምኩበትን ነው የማውቀው። ጉልበቴም ያኔ ተጨመረ። ከመሬት ለመነሣት ግድግዳውን ደግፌ እንደ ባልቴት እንፏቀቅ ነበር፤ ዕድሜዬ ገና ሠላሳን ያለፈ ቢሆን ነው።

ሰላም ሲሆን ከሆስፒታሉ አንድ ሐኪም ጣቶቼን አንድ በአንድ እየጫነ አየና ወደ ደሴ ላከኝ። ደሴ ደሜን መረመሩ። ብርድ አይደለም ተባልኩ። በሽታን ለመከላከል የተፈጠረው የራሴ ኃይል የገዛ መገጣጠሚያዬን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየወጋው ነው አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ኪኒን ሰጡኝ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ጠዋት የልጄን ጸጉር አበጥሬ ስጨርስ ጣቴ እንዳላመመኝ ታወቀኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እናቴ ግን አየት አደረገችኝና፣

"ብርዱ ወጣልሽ" አለች።

ያ ደግ ጊዜ ዓመትም አልሞላው። ሰቆጣ ኪኒኑ የለም። ደሴ አለ፤ ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ "ዛሬ አይወጣም" ይሉኛል። ነገስ ስላቸው "ነገ የሚታወቀው ነገ ነው" ይላሉ። ኪኒኔ አለቀ፣ እብጠቱ ተመለሰ፣ እኔም ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። የማንኳኳው ሌላ ደጃፍ አልነበረኝማ።

ዳገቱ የከበደኝም በዚያው ሰሞን ነው።

ከገበያ ወደ ክፍሌ የሚያወጣው ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ እንስራ ተሸክሜ የወጣሁበት ነው። አሁን ባዶ እጄን ሆኜ መሃሉ ላይ ትንፋሼ ያጥረኛል። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ቆም ስል ይለቀኛል፣ ስነሣ ይይዘኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የነበረው ወጣት ጤና መኮንን ሆዴን በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረገና "ጨጓራ ነው" አለኝ።

"ሲርበኝ አይደለም እኮ የሚያመኝ፤ ዳገት ስወጣ ነው" አልኩት።

"ቃሪያና በርበሬ ተይ።"

"ቃሪያን ከዳገት ምን አገናኘው?"

ሳቀና ኪኒን ጻፈልኝ። ዋጥኩት። ቃሪያውንም ተውኩት፣ ሽሮዬን አልጫ አድርጌ በላሁ። ዳገቱ እንደሆነ ያው ነው። ሌላ ቀን እዚያው ጤና ጣቢያ ሌላዋን ባለሙያ አገኘሁና የደረቴን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራኋት። እሷ ሆዴን እንኳ አልነካችም።

"ባለቤትሽ የት ነው?" አለችኝ።

"ሳዑዲ።"

"ስንት ጊዜው?"

"ቆይቷል።"

"አየሽ!" አለች፣ ልክ በሽታውን ከኪሴ እንዳወጣችው ሁሉ። "ጭንቀት ነው። ራስሽን አዝናኚ።"

ራስሽን አዝናኚ! ከዚያ ወጥቼ በር ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቁ ራሱ ትንፋሼን አሳጠረኝ። ለጎረቤቶቼ ልብ ይሆን እንዴ ብዬ ብናገር ደግሞ መሳቂያ ሆንኩ። እኛ አገር የልብ በሽታ የሀብታም ነው፣ ጥሬ ሥጋና ክትፎ የሚያማርጥ ወፍራም ሰው በሽታ ነው። "አንቺ?" አለችኝ አንዷ፣ ክንዴን በሁለት ጣቷ እየለካች። "ይህች እሾህ! ለልብ በሽታ የሚሆን ስብ የት አግኝተሽ?"

በጥር አንድ የሰርግ ሥራ ያዝኩ። ሙሽሪት የኛው አካባቢ ዝቋላ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ተምራ እዚሁ ሥራ የያዘች። ጸጉሯ ድርብርብ፣ እንደ ደን ያለ ነው። ከሙሽሪት ጋር የመጡት አክስቷ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያሰሩ፣ ሁሉንም ነገር ቆመው የሚያዝዙ ሴት። ከግንባሯ ቀጭን ይሁን፣ ከኋላ ወፈር ይበል፣ ቅቤው አይብዛ፣ ቅቤው አይነስ። ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ስለነበር ጣቴ ታዘዘልኝ። የግራውን በኩል ጨርሼ ወደ ቀኙ ዞርኩ።

መጀመሪያ ግራ ክንዴ ደነዘዘ። የተለመደው ነው ብዬ አንገቴን አዟዟርኩ። ከዚያ መንጋጋዬ ድረስ ሳበኝ፤ ጥርሴን ያመመኝ መሰለኝ። ደረቴ ተጨመደደ። ላቤ ቅዝቅዝ ብሎ በጀርባዬ ወረደ፤ ማበጠሪያው ከእጄ አመለጠኝ።

"ምነው ቆምሽ?" አሉ አክስትየዋ። "ጊዜው እኮ አልፏል።"

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ምን ልታገሥ? ሚዜዎቹ ደጅ ቆመዋል!"

ሙሽሪት ዞር ብላ አየችኝና ጮኸች። የተጎነጎነው ግማሽ ጸጉሯ ተጣብቆ፣ ያልተሠራው ግማሽ እንደ ጥላ ተበትኖ፣ ዓይኗ ፈጥጦ ይታየኛል። "አክስቴ! ሴትዮዋ ልትሞት ነው!" አለች። እኒያው ሲያዝዙኝ የነበሩ ሴት በምን ፍጥነት እንደተለወጡ እንጃ፤ ብብቴ ሥር ገብተው ደግፈው አወጡኝ። ባጃጅ አስቁመው አብረውኝ ገቡ። መንገዱን ሁሉ በአገውኛ ማርያምን ሲለማመኑ ሰማሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደረቴ ላይ ገመዶች ለጥፈው የልብ ምት የሚጽፈውን ወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፂሙን ያልተላጨ፣ ሥራ ላይ አድሮ የደከመው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየ። አስፕሪን አኝኪ ብሎ ሰጠኝ፣ ኦክስጅን አደረጉልኝ። ሕመሙ ረገብ ሲል አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጄን አነሣ። ደረቴን ትቶ እጄን! ጣቶቼን አገላብጦ አየ።

"ይህ እብጠት ከጀመረ ስንት ዓመት ሆነው?" አለኝ።

"ዶክተር፣ ያመመኝ ደረቴ ነው" አልኩት። ቁጣዬን መደበቅ አልቻልኩም። "ጣቴን ትተው ደረቴን ይዩልኝ።"

"ደረትሽን አይቻለሁ። ወደ ልብሽ የሚሄደው የደም ሥር ጠቧል፤ ልብሽ ደም አጥሯት ነው የታመመችው። አሁን የምጠይቅሽ ለምን እንደጠበበ ለማወቅ ነው።"

"ልጄ ከተወለደች ጀምሮ" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። "ቁስል ሲቆጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"የማያውቅ አለ?"

"ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ቁስሉ ሲድን ቁጣው ይበርዳል። ያንቺ ግን ሳይበርድ ዓመት ከዓመት ይኖራል። ጣትሽ ላይ ስለምታዪው ጣትሽ ላይ ብቻ ያለ ይመስልሻል፤ ግን በደምሽ ይዞራል። የደም ሥርሽ ግድግዳ ከውስጥ ይቆጣል። የተቆጣ ግድግዳ ላይ ስብ ቶሎ ይለጠፋል፣ እየቆየ መንገዱን ያጠብበዋል።"

"እኔ ስብ የት አግኝቼ?"

"ደሙ ውስጥ ስብ የሌለበት ሰው የለም፣ ጾመኛም ቢሆን። ሥራውን የሚሠራው ስቡ ብቻውን አይደለም፤ ቁጣውም ያግዘዋል። የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው በወጣትነቱ፣ ቀጭን ሆኖም ሳለ ልቡን የሚታመመው ለዚህ ነው።"

ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ።

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም? ደሴ ሄጃለሁ፣ እዚህ መጥቻለሁ፣ ጤና ጣቢያ ተመላልሻለሁ። ጨጓራ አሉኝ። ጭንቀት አሉኝ። አንድ ሰው እንኳ 'ጣትሽ ልብሽን ይነካዋል' አላለኝም!"

እጄን አልጋው ላይ መልሶ አሳረፈልኝ። "ጣትሽን ያየው ጣትሽን ብቻ አየ፣ ሆድሽን ያየውም ሆድሽን" አለ። "እኔም ጣትሽን ባላይ ኖሮ ላልጠይቅሽ እችል ነበር።" ይህን ማለቱ ትንሽ አበረደኝ፤ ግን ቀጥሎ የጠየቀኝ መልሶ አነደደኝ።

"ለሕመሙ ምን ትወስጃለሽ?"

"መርፌ።"

"በየስንት ጊዜው?"

"ሲብስብኝ።"

"ሲብስብሽ ማለት?"

"ሁልጊዜ ይብስብኛላ!"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያ መርፌ ሕመሙን እንጂ ቁጣውን ከሥሩ እንደማያጠፋው፣ እንዲህ ሲደጋገም ደግሞ ለልብ ደግ እንዳልሆነ ነገረኝ። ከዛሬ ጀምሮ በቃ አለኝ። "ታዲያ በምን እጄ ልሥራ?" አልኩት። የሳምንቱን ኪኒን ሳታቋርጪ መውሰድ አለብሽ አለ። "የት አለና!" ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሐኪሙ ላይ ነበር የጮህኩት፤ ሐኪሙ ግን አላጠፋም። ያጠፋው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እሱ ላይ እጮህ ነበር። የሚያንገበግበው ደግሞ ይኸው ነው፣ ጩኸትሽን የምትጥይበት ሰው ማጣት።

በማግስቱ እናቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ሲገባ ተነሥታ ቆመች፤ ተቀመጡ ቢላትም እምቢ አለች።

"ልጄ፣ ልቧን ያመማት ብሶት ነው አይደል?" አለችው። "ባሏ ርቆባት፣ ብቻዋን ሆና።"

"አይደለም እናቴ" አላት። "ጣቷን ያሳበጠው በሽታ ነው ልቧንም የነካው። አንድ በሽታ ነው።"

"እሱማ ብርዱ ነዋ። በአራስነቷ የገባባት።"

"ብርድ ያመጣው አይደለም። በብርድ ጊዜ ሕመሙ ይብስ ይሆናል እንጂ፣ በአራስነቷ በር ላይ በመቆሟ የመጣ አይደለም። እርስዎም እሷም ያጠፋችሁት ነገር የለም።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሐኪሙ ሲወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በአገውኛ፣ በዚያ ለፍየልና ለጸሎት በምታስቀምጠው ቋንቋ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"እንግዲያ እኔ በሩን ሳልዘጋው ስለቀረሁ አይደለም ማለት ነው?"

ይህን ሁሉ ዓመት እኔን ስትወቅስ ራሷን ስትከስ ነበር ለካ። አራሷን የምትጠብቅ እናት በሩን መዝጋት ነበረባት፤ አልዘጋችውም፤ ይህንን ተሸክማ እየዞረች ለጎረቤት ሁሉ የኔን አለመስማት ስታወራ ኖራለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። ሁለታችንም ለማንም ላልጠቀመ ነገር፣ ባልነበረ ብርድ ምክንያት ስንኳረፍ መኖራችን አናደደኝ።

"አይደለም እምዬ" አልኳት። "በሩ ምንም አላደረገም።"

"እሱስ እውነቱን ነው ብለሽ ነው?" አለች ወደ በሩ በአገጯ እያመለከተች። አሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነችው አይመስለኝም። አጥሚቱን ግን በማንኪያ እየመገበችኝ ከዚያ ወዲያ ስለ ብርድ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ሐኪሙ ደሴ እንድታይ ሪፈር ጻፈልኝ። አውቶቡሱ የመጀመሪያው ቀን ከከተማ ወጥቶ ገና ብዙ ሳይሄድ ተመለሰ። ሾፌሩ "መንገድ የለም" ብቻ ነው ያለን። አንድ ሽማግሌ "ትናንት ነበረ እኮ!" ቢሉት "አባቴ፣ ትናንት ነበረ" ብሎ መሪውን አዞረ። እኔ የልብ በሽተኛ ነኝ፣ አትቆጪ፣ አትበሳጪ ተብያለሁ። መኪናው ሲዞር ጥርሴን ነክሼ መስኮቱን እያየሁ አለመበሳጨትን ተለማመድኩ። አልቻልኩበትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደረስኩ። የልቤን ምስል በማሽን አዩት። ከልቤ ሥጋ ጥቂቱ ተጎድቷል፣ የቀረው ደህና ነው አሉኝ። ደም እንዳይረጋ፣ የልብ ምቴ እንዳይፈጥን፣ ስቡ እንዳይለጠፍ የሚያደርጉ ኪኒኖች ሰጡኝ። የሳምንቱ ኪኒን እንደገና ተጀመረ፤ እሱም ጉበትን ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ደምሽን አስመርምሪ ተባልኩ። ሰቆጣ ተመልሼ ላስመረምር ስሄድ ላብራቶሪው "ኬሚካል አልቋል" አለኝ። መቼ ይመጣል? "ጠይቀናል።"

የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች ሊያልቁ ሲሉ ባለቤቴ ደወለ። ከመደወሉ በፊት አንድ ቪዲዮ ልኮ ነበር፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ "የተዘጋ የደም ሥር በሳምንት የሚከፍት"። ስልኩን ሳነሣው እንዴት ነሽ እስኪለኝ አልጠበቅሁም።

"ስማኝ" አልኩት። "ከእንግዲህ ነጭ ሽንኩርት አትላክልኝ። እዚህም ይበቅላል።"

"ለደህንነትሽ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን አንተ ያለህበት አገር መድኃኒት ቤት ሞልቷል ትለኝ የለ? የኪኒኔን ካርቶን ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር። ሄደህ ጠይቅልኝ። አለ ወይስ የለም፣ እሱን ንገረኝ።"

ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ "እኔ እኮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ነው" አለ። ርቆ የሚኖር ሰው እጁ አጭር ነው፤ ቪዲዮ መላክ የሚችለው ትልቁ ነገር ሆኖበት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ በሚመለስ የጋዝጊብላ ልጅ እጅ፣ ከቴምር ካርቶን ሥር ኪኒኑን ላከልኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ ትክክለኛው ነው አለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ የሚያቆየኝ እሱ ነው። ሰው ሲገኝ ይመጣል፣ ሳይገኝ ይቀራል።

ሙሽሪትም መጣች። ከሰርጓ ብዙ ወር ቆይታ፣ አክስቷን አስከትላ። አክስትየዋ ገና ከበር "ተርፈሽልን! ተመስገን!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ልጅቷ ግን ስልኳን አውጥታ የሰርጓን ፎቶ አሳየችኝ።

"እዪው" አለች። "ግራውን አንቺ ሠራሽ፣ ቀኙን ሌላ ሰው ጨረሰው። በፎቶው ሁሉ በግራ በኩል ብቻ ነው የማምረው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።"

እውነቷን ነው፤ ቀኙ ጠማማ ነበር። ሳቄ መጣ፣ መልሶ ደግሞ ተናደድኩ፤ ልሞት የነበርኩባትን ሰዓት በፎቶ ጠማማነት ነው የምታስታውሰኝ። "ተቀመጪ" አልኳት። ቀጭኑን እንደማልሠራ አስቀድሜ ነገርኳት። አሁን ወፈር ወፈር ያለውን፣ ጣት ብዙ የማያጨናንቀውን ብቻ ነው የምሠራው፤ በቀንም ከሁለት ሰው በላይ አልቀበልም። ደንበኞቼ ግማሹ ሌላ ዘንድ ሄደዋል። የሄዱትን አልወቅስም፤ ሹሩባ የፈለገ ሹሩባ ወዳለበት ይሄዳል። ግን ቀጭኑን ጉንጉን ጣቴ እያወቀው፣ አቅም አጥቶ መቀመጡን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ያ ፂሙን ያልተላጨ ሐኪም ተዛውሯል። በሱ ምትክ የመጣችው የበሽታዬን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቀችኝ፤ አሁን ያለ ማቅማማት ነው የምናገረው። "የመገጣጠሚያ በሽታ አለብኝ፤ ልቤን የነካው እሱ ነው፤ የማስታገሻ መርፌ እንዳታዢልኝ" እላለሁ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልረጋ። መጀመሪያ ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ ጣቶቼን አየች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለማግኘት ይህን ሁሉ ዓመት መፍጀቱ አሁንም ያበሳጨኛል።

ዳገቱን አሁን በሁለት ዕረፍት እወጣዋለሁ። የደሴ ቀጠሮዬ ከፋሲካ በኋላ ነው። ትናንት መናኸሪያ ወርጄ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ትኬት ቆራጩ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። ነገም ወርጄ እጠይቀዋለሁ።